ለእማማ ጥሩነሽ መርዶውን ማን ነገራቸው?

እኔ አለምነሽ ማለት፣ ሰው መጥቶ "ጣሪያዬ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚንኳኳ ነገር አለ" ሲለኝ "አይጥ ነው፣ ወጥመድ ግዛ" ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ። ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው፣ ጥላ ወጊ ጣለው ሲባል እዚያው ጎንደር እያለሁም በሳቅ ነበር የማልፈው፣ እናቴ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታያታለች" ትል ነበር፣ አላየሁም፣ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ታፍሰን ወደ አይሁድ አገር ስንመጣም ምንም ነገር ተከትሎኝ አልመጣም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ "ሴትዮዋ ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ትወዳለች" እንዳትሉኝ፣ አልወድም፣ እመኑኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ጭራሽ አልወድም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ወይ አራት ላይ ነው፣ የሐኑካ በዓል ሳምንት እንደነበር ግን አልረሳም፣ ነርሷ ስቬታ ቀኑን ሙሉ የበዓሉን ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ ስትበላ ነበርና። የምሠራው ባርኔአ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የቀዶ ሕክምና ቦታ ነው፣ አዳር የላትም፣ ሰው ጠዋት ገብቶ ዓይኑን ወይ ቡአውን ወይ የእግሩን ደም ሥር ተሠርቶ፣ ሻይ በብስኩት ቀምሶ፣ ማታ ቤቱ የሚሄድባት ናት። ሥራዬ በእብራይስጥ "ኮኽ ኤዘር" ይባላል፣ አጋዥ ጉልበት እንደማለት ነው፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ በሽተኛ በጎማ ወንበር አመላልሳለሁ፣ ወለል አጥባለሁ፣ የእኛ ሰው የመጣ እንደሆነ ደግሞ ያለ ሹመት አስተርጓሚ ነኝ። እዚያ ቦታ አማርኛ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም፣ ይህን ያዙልኝ።

ቤቴ አቲቆት የሚባለው ሰፈር ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍልና ኩሽና። ባሌ ከሞተ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ልጅ አልሰጠንም፣ ከሥጋ ዘመድ የቀረኝ ታናሽ ወንድሜ ሙሌ ብቻ ነው፣ እሱም ወረፋው ሳይደርሰው ጎንደር የኪራይ ቤት ውስጥ ወደዚህ የመምጫ ወረቀት እየጠበቀ ያለ። ማታ ቁልፌን ከፍቼ ስገባ "እንዴት አመሻችሁ" እላለሁ፣ ለማን እንደምል እኔም አላውቅም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እዘኑልኝ ማለቴ አይደለም፣ ግን ብቸኝነቴን ካላወቃችሁ የኋላው ነገር ለምን አጥንቴ ድረስ እንደዘለቀ አይገባችሁም።

እማማ ጥሩነሽ የሕንፃችን ሰው ናቸው፣ ከልጃቸው ከየሺ ጋር ሁለተኛ ፎቅ ነበር የሚኖሩት። ሰንበት በመጣ ቁጥር ሳልጠራ የምገባበት ቤት በዚህ ሁሉ አገር የእነሱ ብቻ ነበር። እማማ አንዱን ዓይናቸውን በልጅነታቸው በፈንጣጣ አጥተውታል፣ ሌላውን ደግሞ ሞራ ጋረደባቸው፣ በመጨረሻ ሹካና ማንኪያ የሚለዩት በእጃቸው ዳብሰው ነበር። ያቺ አንዲት ዓይን ልትሠራ ቀን ሲቆረጥላት እኔ በዕረፍት ቀኔ ሥራ ልግባ ብዬ አለቃዬን ለመንኩ፣ ጎረቤት ምን ይሠራል ታዲያ።

የዚያን ቀን ጠዋት የሺ እናቷን አስቀምጣ ወደ አሳንሰሩ ጥግ ጎተተችኝ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

"እትዬ አለም፣ አጎቴ ሞቷል።"

"አያ ተገኘ?"

"ባለፈው ሳምንት። ከጎንደር ደወሉልኝ። እናቴ ወንድሟ መሞቱን አታውቅም፣ በሞቴ፣ አፍሽ እንዳያመልጠው። ዶክተሩ ምን እንዳለ ሰምተሻል፣ ማልቀስ የለ፣ መጎንበስ የለ፣ ዓይን መንካት የለ። እናቴን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ መርዶ ከሰማች ደረቷን ትደቃለች፣ መሬት ላይ ትፈጠፈጣለች፣ ያለቻት አንድ ዓይን ናት፣ ይሄው ልትጠፋ ነው ማለት ነው።"

"መቼ ልትነግሪያቸው?"

"ዶክተሩ ድናለች ሲለኝ፣ ከወር በኋላ። ሽማግሌዎቹንም ቄሱንም ነግሬያቸዋለሁ፣ እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ያረዷታል።"

የእኛ ሰው እንዲህ ነው መቼም፣ መርዶ እንደ ዕቃ ተወርውሮ አይሰጥም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በንጋት፣ በሩ ተንኳኩቶ፣ ወገብ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው፣ በሽተኛማ እስኪድን ይደበቃል። ትክክል ነው ብዬ ማልኩላት። ለአቅመ ሚስጥር የማልበቃ ሴት አይደለሁም፣ ሆዴ ይፍጀው ካልኩ ሆዴ ይፈጀዋል።

እማማን በጎማ ወንበር እየገፋሁ ወደ ልብስ መቀየሪያው ስወስዳቸው "አለምዬ" አሉኝ፣ "የተገኘን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ፣ የሺ ስልኩ ተበላሽቷል ትለኛለች፣ አንቺ ከሙሌ ጋር ስታወሪ ምን ሰማሽ?"

"የጎንደር ስልክ መቼ ደኅና ሆኖ ያውቃል እማማ!" አልኩ ሳቅ ብዬ። ሳቄን እኔው ጠላሁት።

ሥራው ተሳካ፣ ዶክተሩ እጁን እያሻሸ ወጣ፣ እማማ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛው አልጋ ላይ ተኙ። የሺ ፋብሪካ ፈረቃዋ እስኪያልቅ መምጣት አትችልም፣ ስለዚህ ሌላው በሽተኛ ሁሉ ዘመዱ እየደገፈው አንድ ባንድ ሲሄድ እማማ ብቻቸውን ቀሩ። ውጪ ይዘንባል፣ በዚያ ወር ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው የሚጨልመው። አራተኛውን አልጋ እኔው በእጄ አነጠፍኩት፣ ወንበሩን እኔው ጥግ አስጠጋሁት፣ በሁለቱ አልጋ መካከል ያለውን መጋረጃ እኔው እስከ ግድግዳው ሰብስቤ ከፈትኩት፣ ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ልታምኑኝ ስለምፈልግ ነው። ከዚያ የቆሸሸውን አንሶላ በከረጢት ይዤ ወደ ዕቃ አሳንሰሩ ወረድኩ፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢሆነኝ ነው።

ስመለስ እማማ ያወራሉ።

"ደኅና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን… አሜን… ልጆቹስ? ከብቱስ? ዝናቡ ምን ይመስላል?" እያሉ፣ በየመሐሉ ዝም ይላሉ፣ ሰው መልስ ሲሰጥ እንደሚያዳምጥ ሰው። ስልክ ነው አልኩ፣ ስልካቸው ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር፣ የሺ ሰጥታኝ። ስቬታ ናት አልኩ፣ ስቬታ ደግሞ ኮሪደሩ ጫፍ መስታወቱ ውስጥ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታለች፣ አገጯ ላይ ያለው ስኳር ሳይቀር ይታየኛል፣ ለነገሩ ስቬታ ስለ ከብት ምን ታውቃለች። ወደ በሩ ስጠጋ በዝምታቸው መሐል አንድ ነገር ሰማሁ፣ ቃል አይደለም፣ ጎረቤት ቤት ግድግዳ አልፎ እንደሚመጣ የራዲዮ ድምፅ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ የወንድ። የታች ዘበኛው ራዲዮ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያ ሰብስቤ የከፈትኩት መጋረጃ ግን ተዘግቷል።

ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ እማማ "ኧረ በዚህ ሰዓት?" አሉ፣ ድምፃቸው ተለወጠ፣ "ይሄ እኮ በንጋት ነው የሚነገር!"

ክው ብዬ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፣ እማማ በሹክሹክታ ሲመልሱ ይሰማኝ ነበር፣ ቃሉን ግን አልለየሁትም። በዚያ ድንጋጤ አማርኛዬ ጠፍቶኝ በእብራይስጥ "ሚ ዜ?" ብዬ ጮህኩ፣ ማን ነው ማለቴ ነው። ወንበሩ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ፣ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ በቀን ሃያ ጊዜ የምሰማው ነው፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሽማግሌ ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው፣ እህህም። የመጋረጃው ታች ጫፍ ሰው ታክኮት እንዳለፈ ውልብ አለ።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፣ መጋረጃውን ጨምድጄ ሳብኩት። አራተኛው አልጋ እንዳነጠፍኩት ነው፣ አንድ እጥፋት የለበትም። ወንበሩ ግን እማማ ራስጌ መጥቶ ተቀምጧል። ሰው የለም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሌላ በር የለውም፣ በአንዱ በር ላይ ደግሞ የቆምኩት እኔ ነኝ።

እማማ ጣሪያውን ወደ ላይ እያዩ፣ ማለት ፊታቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አነባብረው ተኝተዋል። ጉንጫቸው ደረቅ ነው፣ እንባ የለም።

"አለም፣ አትጩኺ፣ ተቀመጪ።"

"ማን ነበር እማማ? በሞቴ ማን ነበር?"

"ያገር ሰው ነው። ያባቴን ዘመን አነጋገር ነው የሚናገረው። ስሙን ብጠይቀው ስም ምን ያደርግልሻል አለኝ።" ትንሽ ተነፈሱ። "ተገኘ ሞቷል። አንቺም ታውቂያለሽ።"

የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ።

"አልተቆጣሁሽም። ከወፍጮ ሲመለስ ነው አለኝ፣ ደከመኝ ብሎ መንገድ ዳር ተቀመጠ፣ ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ፣ እንደተቀመጠ ቀረ። በንጋት ለምን አትነግረኝም ስለው እስከ ንጋት የምቆይበት ጊዜ የለኝም አለኝ። እንባሽን ያዥው አለኝ፣ ዓይንሽ ሲድን ታለቅሺለታለሽ፣ እሱ እንደሆነ ይጠብቅሻል አለኝ።" እጄን ፈልገው ያዙኝ፣ እጃቸው በረዶ ነው። "ለየሺ ማወቄን እንዳትነግሪያት። ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ እሰማታለሁ፣ ጉንፋን ነው ትለኛለች። ስለኔ ብላ የተሸከመችውን ከንቱ አላደርግባትም።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ እውነቴን ነው፣ አሮጊቷ የልጃቸውን ለቅሶ ሰምተው ጠርጥረው ነው፣ ማደንዘዣው ደግሞ የቀረውን ጨመረበት ብዬ እተወው ነበር። አላበቃም።

"ስላንቺም ጠየቀኝ" አሉ።

"ስለኔ?"

"ይቺ በር ላይ የቆመችው ሴት ማን አላት አለኝ። ጎንደር አንድ ወንድም አላት፣ ሌላ ሰው የላትም አልሁት።"

"እሺ፣ ምን አለ?"

"የሷን ሌላ ቀን ብሎ ተነሳ።"

ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለልኩ ታች ወረድኩ፣ ዘበኛው ቦርሳ መፈተሻው ጋ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል፣ ራዲዮም የለው፣ ካንድ ሰዓት ወዲህ የገባ ሰው የለም አለኝ። ስቬታን ጠየቅሁ፣ "ኢላና" አለችኝ፣ እዚያ ስሜ ኢላና ነው፣ "ሻይ ጠጪ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።" ስኳሩን እሷው አማሰለችልኝ፣ ስቬታ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ግን የሆዴን በየትኛው ቋንቋ ልነግራት እችላለሁ?

የሺ መጣች፣ ከፋብሪካው ልብሷ ሳትቀይር፣ ዝናብ አበስብሷት፣ ፊቷ ላይ ሳቅ ለጥፋ።

"እማዬ፣ እንዴት ነሽ? አጎቴ ተገኘ ዛሬ ደውሎ ሰላም ብሎሻል፣ ምሕረቱን ያምጣላት አለ።"

"እሰይ ልጄ" አሉ እማማ፣ ያለ አንዲት መንቀጥቀጥ፣ "ዕድሜ ይስጠው።"

እኔ ከኋላ የጎማ ወንበሩን ይዤ ቆሜያለሁ። እናትና ልጅ አንዱ ላንዱ ብሎ እንዲህ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም፣ እውነት ለመናገር ቀናሁ፣ ለእኔ ብሎ የሚዋሽ ሰው የት አለኝ?

በዚያው ምሽት ለሙሌ ደወልኩ፣ እሱ ሰፈር ባለ ሱቅ ስልክ ነበር የምናገኘው፣ ሱቀኛው ልጅ ልኮ አስጠራልኝ። "ደኅና ነህ?" "ደኅና ነኝ፣ ምን ሆነሻል?" "ምንም፣ እውነት ደኅና ነህ?" ሳቀብኝ፣ "አንቺ ሴት፣ ብሞት ኖሮ መጀመሪያ ላንቺ ነበር የምደውለው!" አለ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስል ሳቄ ጠፋ፣ ልጁ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ እኔም ብቻዬን፣ ከእሱ ሌላ ማን ደውሎ ይነግረኛል? ስልኬን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?

እማማ ጥሩነሽ ወር ሙሉ አንድ ጠብታ እንባ አላወጡም፣ ዓይናቸው ዳነ፣ ዶክተሩ እንዲህ ያለ ታዛዥ በሽተኛ አላየሁም አለ። ሽማግሌዎቹ በተቆረጠው ቀን ጎህ ሳይቀድ መጡ፣ እኔም ወገብ ልይዝ ቆሜያለሁ። ቄሱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እማማ እጃቸውን አነሱና "አውቃለሁ አባቴ፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሞተው" አሉ፣ ከዚያ ያ የወር እንባ ወረደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አብሮ አለቀሰ። የሺ ግን አላለቀሰችም፣ እኔን ታያለች።

"ከሽማግሌዎቹ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ" አለችኝ ኋላ ደረጃው ላይ። "ያለቻት አንድ ዓይን ነበረች እትዬ አለም። እንዴት ጨከንሽ?"

እኔ አይደለሁም ብል፣ ታዲያ ማን ነገራቸው ልበላት? እማማ ስለ ጫማው ያሉትን ደግሞ ማንም ልብ አላለውም፣ ከስልኩ የሰሙት መሞቱን ብቻ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ያገራቸው ሰው አዲስ ገብቶ ቤታቸው ሄደ፣ በዚያው ቀን የሺ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ በሬን አንኳኳች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ "ግቢ ግቢ" አልኩ፣ አልገባችም።

"ጫማውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው ያገኘነው አለ ሰውዬው። አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

"እኔ አላወቅሁም። እናትሽን ጠይቂ።"

"ጠየቅኋት። አለም ነበረች፣ አለም ታውቃለች ነው የምትለኝ።" ካንገቷ በላይ ሰላም ብላኝ ወረደች። መጀመሪያ ወሬ የማይቆምላት ሴት አደረገችኝ፣ አሁን ደግሞ የባሰውን፣ ከሙት የምትነጋገር ሴት። እኔን፣ ወጥመድ ግዙ የምለዋን! በዚያ ሰንበት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ የሳህን ድምፅ ሰማሁ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ዓመትም ሳይሞላ የሺ አግብታ እናቷን ይዛ ወደ ሰሜን ሄደች፣ እማማ መኪና ውስጥ ሆነው በዚያች ዓይናቸው ወደ መስኮቴ ቀና ብለው አዩ፣ ያዩኝ ይመስለኛል።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ሥራዬንም አልለወጥኩም፣ የት እሄዳለሁ። ሙሌም ወረፋውን እየጠበቀ እዚያው ነው፣ ወረቀቱ አላለቀም። ባለፈው ማክሰኞ ግን በሽተኛው ሁሉ ሄዶ፣ ስቬታም ቆልፋ ልትወጣ ኮቷን ፍለጋ ሄዳ፣ ማረፊያ ክፍሉን ላጥብ ባልዲና ማሽን ይዤ ገባሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ተንሸራተተ። ቀጥሎ ያ ጉሮሮ፣ እህህም።

እመኑኝ፣ ቀጥሎ ያለውን ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እነግራችሁ ነበር። አልሰማሁም፣ የወለል ማጠቢያውን ማሽን አስነሳሁት፣ በላዩ ላይ በሙሉ ድምፄ ማንጎራጎር ጀመርኩ፣ ወለሉ የለም እስኪመስል ድረስ አንዱን ቦታ ደጋግሜ አጠብኩ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ እጄን ከማሽኑ ላይ አላነሳም። ስቬታ መጥታ ሶኬቱን ስትነቅለው ክፍሉ ጭር ብሏል። ወንበሩ መሐል ወለል ላይ ቆሞ ነበር፣ ፊቱ ወደ እኔ።

ስመለስ ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ ወርጄ የውጭ አገር ስልክ መደወያ ካርድ ገዛሁ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቁጥሩን የሸፈነውን ቀለም አልፋቅሁትም። ልፍቀው ብዬ በእጄ ሳንቲም ይዤ ሦስት ጊዜ ተቀምጬበታለሁ፣ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ሙሌም አልደወለም፣ ከዚህ በፊትም ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ያውቃል፣ እሱ እንደሆነ ሰነፍ ነው።

ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ካለ ብዬ አዳምጣለሁ፣ እስካሁን የሰማኋቸው ሁሉ ወደ ሥራ የሚወርዱ ናቸው።